ፐንክ የሚሉት ልጅ

ሥራዬ ሰው መንከባከብ ነው፤ እዚህ ሆም ኬር ይሉታል። ግሌንዴል ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አሉ። ጠዋት ሄጄ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምሳ ሠርቼ አበላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ መጥቶ ይወስደኛል። ሽማግሌው ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ ነው የሚውሉት። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት እየተጎተተ ይከተላቸዋል። እኔ ሳላየው እረግጠዋለሁ፤ እሳቸውም በረገጥኩት ቁጥር የታነቁ መስለው ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ሊያስፈራሩኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ አሁን «እሺ፣ ሲሞቱ ይጥሩኝ» ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይህን ስላቸው በጣም ደስ ይላቸዋል።

እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ካርኒቫል ውስጥ ነው። እኛም ሰፈር፣ ኦሮራ፣ ሰመር ሲመጣ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ይተከላል፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ የስኳር ጥጥ፣ ኳስ ወርውሮ አሻንጉሊት መብላት። ልጄን ትንሽ እያለች ወስጃታለሁ። የሽማግሌው ቦታ ግን ዋናው ጨዋታ ጋ አልነበረም። ከጎኑ ለብቻው የሚተከል ድንኳን ነበር፤ ጉድ የሚታይበት። ሰይፍ የሚውጥ ሰው፣ ሁለት ራስ ያለው ጥጃ፣ ጢም ያላት ሴት። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሰው የሚጠሩ ነበሩ። ድምፃቸው እስካሁን አልሞተም። ሾርባ ይጨመርልኝ ሲሉ እንኳን ጎረቤቱ ሁሉ የተጠራ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት በረዳቸውና ከቁም ሳጥኑ ሹራብ አውጪልኝ አሉኝ። ሹራቡ ከላይ ነበር፤ ስጎትተው ከኋላው በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አብሮ መጣ። እንዳይወድቅ ያዝኩት። የተሰበረ ነገር ካለ ልይ ብዬ ፎጣውን ገለጥኩት። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ እንደ ቀጭን ሻይ የቀላ ውኃ አለ፤ ውኃው ውስጥ ሕፃን አለ። ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጮሆ ይለቀዋል። እኔ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ያማተብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይዤው ሳሎን ሄድኩ። «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አስፈራኝ። እሳቸው ሳቁ። ሲስቁ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲያጥራቸው ደግሞ የበለጠ ይስቃሉ። «ፐንክ ነው» አሉኝ፣ «ፒክልድ ፐንክ። አስቀምጪው፣ አይነክስሽም።» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና በረንዳ ወጣሁ። ነገ አልመጣም አልኩ ለራሴ። ቢሮ ደውዬ ሌላ ሰው ይላኩላቸው እላለሁ አልኩ። ምሳቸውን አለመብላታቸው ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ገባሁ፤ ጠርሙሱንም በፎጣው ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት።

ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ማታ ራት ላይ ልጄን ጠየቅኳት። እሷ እዚህ ነው የተወለደችው፤ እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ ባሻት ቋንቋ ትመልሳለች። «ማሚ፣ ዋይ አር ዩ አስኪንግ ሚ ዚስ?» አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አየች። «ካርኒቫል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚሉት ነው። ላይክ፣ ቤቢ ኢን ኤ ጃር። ያልተወለደ ቤቢ። ሰው ከፍሎ ያያል።» ስልኳን አስቀመጠችና «ዛትስ አክቹዋሊ ሶ ሳድ» ብላ ምግቧን ቀጠለች። አባቷ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ውኃ ሊያመጣ ተነሳ። ጠረጴዛው ላይ ውኃ ነበረ።

በማግስቱ ሥራ ሄድኩ። አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሌሊቱን ስለ ጠርሙሱ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ፈርቼው አይደለም። ልጁን እንደገና ማየት ፈልጌ ነው።

ምክንያቱን ልናገር። ልጃችን የመጀመሪያ ልጃችን አይደለችም። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። ያኔ አዲስ መጤዎች ነበርን፤ የባለቤቴ እንግሊዝኛ ለሥራ ያህል ነበር፣ እኔ ጭራሽ አልነበረኝም። እርግዝናው ስምንተኛ ወር ላይ ሳለ ድንገት ደም ፈሰሰኝ፤ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ አደንዝዘው በኦፕራሲዮን አወጡት። ስነቃ አልጋዬ አጠገብ ያገኘሁት እማማን ነው። እማማ የምንላቸው ከቤተ ክርስቲያን የተዋወቅናቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ የሁላችንም እናት ሩቅ ስለነበረች እዚህ እናታችን እሳቸው ነበሩ። «ልጄስ?» አልኳቸው። «ማሽን ውስጥ ነው፤ አንቺ መጀመሪያ በርቺ» አሉኝ።

ልጄ ግን ሞቶ ነበር የተወለደው። እማማና ባለቤቴ ያደረጉት እኛ ዘንድ ማንም የሚያደርገውን ነው። መርዶ ለደከመ ሰው በድንገት አይነገርም፤ ይደበቃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ጠዋት ይነገራል። ነርሶቹን «እኛ በወጋችን እንነግራታለን» ብለው ለመኗቸው፤ እነሱም አከበሩላቸው። በማግስቱ ገና ሲነጋ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ሲቆሙ ማንም ሳይናገር ገባኝ። አምጡልኝ አልኩ። ተወስዷል አሉኝ። «ካላየሽው ቶሎ ይረሳሻል፣ ልጄ» አሉኝ እማማ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ነርሷ መጥታ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ባለቤቴ የተረጎመልኝ ግን «አይዞሽ ትልሻለች» ብቻ ነው። አሁን ያለኝ እንግሊዝኛ ያኔ ቢኖረኝ ያን ሆስፒታል በእግሬ ዞሬ ልጄን አወጣው ነበር።

አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና አልተነሳ፤ ስለዚህ ስም የለውም፣ ፍትሐት የለውም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም። ቀብሩንም ሆስፒታሉ ፈጸመው። ቤት ስገባ ትንሿ አልጋ ከክፍሉ ወጥታለች፣ ልብሶቹ የሉም፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ጨረቃ ሳይቀር ተልጦ ተነስቷል። ሁሉም እኔን ለማዳን ነው የተረባረበው። ልቆጣ ብል የምቆጣው ሰው አልነበረም።

እማማ ግን ተሳስተዋል። ያላየሁትን ፊት ምኑን ልርሳው? በየሰው ልጅ ላይ ስፈልገው እውላለሁ። እሑድ ከበሮ የሚመቱት ወጣቶች ነጭ ለብሰው ሲሰለፉ ቁመታቸውን አያለሁ። ይሄኔ መኪና ካልነዳሁ እያለ ከአባቱ ጋር በተጨቃጨቀ እላለሁ። ጫማ ቤት ስገባ የወንድ ጫማ አነሳለሁ፤ የአባቴ ዘር እግሩ ትልቅ ነው፣ እሱም ትልቅ እግር ይኖረው ነበር። ፀጉሩን እሠራለሁ፣ ትከሻውን እሠራለሁ፣ ፊቱ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። አፍንጫው የእኔ ይሁን የአባቱ አላውቅም። ናፍቆት የሚያውቁትን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንድም ቀን ያላየሁት ሰው እንደዚህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

ለባለቤቴም አንድ ያልነገርኩት ቂም ነበረኝ። እኔ ሳልነቃ ነርሶቹ ልጁን ለእሱ እንደሰጡት እማማ አንድ ጊዜ አምልጧቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ፊቱ እሱ ጋ አለ። እንደዚያ ነበር የማምነው። መኪና እየነዳ ዝም ሲል አሁን እያየው ነው እላለሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ሲቀር አሁን እያየው ነው እላለሁ። ቀናሁበት። በገዛ ባሌ፣ በሞተ ልጄ የተነሳ ቀናሁ። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ አውቃለሁ፤ ያለፈ ለቅሶ መቀስቀስ ነውር ነው ብለን ስላደግን መልሼ እዘጋዋለሁ። እሱም አንስቶት አያውቅም። እንደዚህ ተከባብረን ልጅቷን አሳደግን።

እንግዲህ የሽማግሌው ጠርሙስ ይህን ሁሉ ነው የነካብኝ። ስሠራ ስሠራ ቁም ሳጥኑ ጋ ራሴን አገኘዋለሁ። ካልሲ ላስቀምጥ ብዬ እገባለሁ፣ ፎጣውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ እሸፍነዋለሁ። ጣቶቹ ላይ ጥፍር አለ። ቅንድብ አለው። የስምንት ወር ልጅ እንደዚህ ያለ ቅንድብ ይኖረዋል ማለት ነው እላለሁ፤ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር።

ሽማግሌው ሞኝ አይደሉም። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ «ጎማ ነው እኮ» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ፐንኩ። ጎማ ነው። እኛ ባውንሰር ነበር የምንለው፤ ቢወድቅ ስለሚነጥር።»

ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ፒክልድ ማለት ያው በርገር ውስጥ እንደሚገባው ኪያር፣ በፈሳሽ የተቀመጠ ማለት ነው። ፐንክ ደግሞ በካርኒቫል ሠራተኞች አፍ ልጅ ማለት ነው፤ የልጆች መጫወቻውን የሚነዳውንም፣ ከእናቱ ጋር መጥቶ የሚያለቅሰውንም በዚያው ይጠሩታል። ድሮ ጠርሙሱ ውስጥ እውነተኛ ነበር የሚቀመጠው፤ ከየት ከየት እንደሚያመጡት አልጠየቅኳቸውም። በኋላ የሰው አካል ይዞ መዞር ክልክል ነው እየተባለ ሸሪፍ የሚሉት የአገሬው ፖሊስ ድንኳን ማስዘጋት ሲጀምር ጎማው መጣ። ቃሉ የሚነገረው ከሸራው ጀርባ ብቻ ነው። ውጭ የሚሰቀለው ሰሌዳ ላይ ስለ ሕይወት ምሥጢር፣ ስለ ሳይንስ የሚል ትልቅ ትልቅ ነገር ይጻፋል። «ከፍሎ የገባ ሰው ፊት ፐንክ ያለ በዚያው ቀን ይባረራል» አሉኝ።

«ለምን? ለሰው ማሳየቱ ካላሳፈራችሁ ቃሉ አሳፈራችሁ?» አልኳቸው። ደሜ ፈልቶ ነበር።

አልተቆጡም። ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «ለሴቶቹ ብለን ነው» አሉ።

ከዚያ የነገሩኝን እኔ በራሴ አማርኛ ልድገመው። ወንዶቹና ጎረምሶቹ ይገባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይወጣሉ። በየከተማው ግን፣ ካንሳስም ሆነ ኔብራስካ፣ ብቻቸውን የሚመጡ ሴቶች አሉ። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ይዘው። ሰይፍ የሚውጠውን ዞር ብለው አያዩትም። ቀጥ ብለው ጠርሙሶቹ ጋ ሄደው ይቆማሉ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እነሱ እዚያው ናቸው። አንዷን «እመቤት፣ ደህና ነሽ?» ቢሏት ጠርሙሱን እያየች፣ «የእኔን በፎጣ ሸፍነው ወሰዱት፤ ሐኪሙ ለባሌ ባታየው ይሻላል ብሎት ነበር» አለቻቸው። በማግስቱም መጣች። ያን ጊዜ እዚህ አገር እንደዚያ ነበር ወጉ፤ ሞቶ የተወለደ ልጅ ለእናት አይታይም። «እንደሷ ያለች ስትገባ የድምፅ ማጉያውን አጠፋው ነበር» አሉኝ። «ማንም ፐንክ አይልም፣ ከሸራው ጀርባ እንኳን። ቆማ እስክትጨርስ እንጠብቃለን።»

«ጎማ ነው ብለው አልነገሯትም?»

«አልጠየቀችኝም።»

ተነስቼ ሳህኑን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት። ይህን ያህል ዓመት የእኛ ሰው ብቻ፣ የእኛ መርዶ ብቻ፣ እማማ ብቻ ያደረጉብኝ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ፈረንጅ ሴት ካንሳስ ሜዳ ላይ ከፍላ ጎማ ልታይ ቆማለች፤ እኔ ግሌንዴል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆሜያለሁ። እሷ የምትጠይቀው ሰው ስላልነበራት ነው ድንኳን የገባችው። እኔ ግን ያየ ሰው አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ ይመጣል።

ባለቤቴ እንደ ልማዱ መጣ። ሥራው ሰው በመኪና ማመላለስ ነው፤ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው እዚሁ ያለ ሰፈር ሰው አድርሶ መመለሱ ነበር። ገባሁ። ፓርከር ሮድ ላይ እስክንወጣ ስለ ትራፊክ አወራ፤ መንገድ መቆፈር ስለማይጨርሱት ሰዎች አወራ። እኔ አልሰማሁትም።

«ልጁን» አልኩት።

«የቱን ልጅ?»

«የመጀመሪያውን።»

ትንሽ ነዳና ጎማ ቤት በር ላይ ገብቶ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አላጠፋም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደ ፊት ያያል።

«ምን አስታወሰሽ ዛሬ?»

«ሁልጊዜ ነው የማስታውሰው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከዚያ አላነሳብህም።» ቀበቶዬን ፈታሁ። «ማንን ይመስል ነበር?»

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አሁን ሊነግረኝ ነው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የጎደለኝን ፊት አሁን ሊያስቀምጥልኝ ነው። አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ ሁሉንም። እየፈራሁም ቢሆን ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አላየሁትም» አለ።

«ሰጥተውህ አልነበር? እማማ ነግረውኛል።»

«ሰጥተውኛል። ተጠቅልሎ ነበር፣ ፊቱም ተሸፍኖ። ነርሷ ግለጠው፣ እየው አለችኝ። ደጋግማ ነገረችኝ።» መሪውን ለቀቀው። «አንቺ ሳታዪው እኔ እንዴት ልየው? እኔ ብቻዬን አይቼው እንዴት ከአንቺ ጋር እኖራለሁ? ስትነቂ አብረን እናየዋለን ብዬ ነበር። ከዚያ እማማ ይቅርባት አሉኝ፣ ሁሉም ይቅርባት አለኝ፣ እኔም እንዳትጎጂ ብዬ እሺ አልኩ። መልሼ ሰጠኋቸው።»

ስለዚህ ማንም የለውም። የትም የለም ያ ፊት። እኔ የቀናሁበት ሰው እንደኔው ባዶውን ነበር። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። በጎማ ቤቱ መስታወት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ጎማ እያንከባለለ አለፈ፣ ሌላው ይስቃል። ባለቤቴን ዞሬ አየሁት። ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላየሁም።

«ከባድ ነበር?» አልኩት።

«አይ። ቀላል ነው።» አሰበ። «ግን ሞቅ ይል ነበር። ከአንቺ ገና መውጣቱ ስለነበር ሙቀቱ አልወጣለትም። እስካቀፍኩት ድረስ አልቀዘቀዘም።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ልጄ ሞቃት ነበር። ሳስበው የኖርኩት ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አድርጌ ነው፤ በብረት ላይ፣ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ብቻውን። ለካ አባቱ አቅፎት ነበር። የእኔን ሙቀት ይዞ ነበር።

«በየትኛው ክንድህ ነው ያቀፍከው?»

አላስታወሰም። ወደ ታች አየና ሁለት ክንዱን እንደዚያ ቀን አጠፋቸው፤ ባዶውን አስተካክሎ ያዘው፣ ራሱን የሚደግፈውን እጅ ትንሽ ከፍ አደረገ። ክንዱ ከእሱ የተሻለ ያስታውሳል። «በግራዬ» አለ።

የተቀመጥኩት በቀኙ ነው። በሬን ከፍቼ ወረድኩ፣ መኪናውን ዞርኩ፣ የእሱን በር ከፈትኩ። የጎማ ቤቱ ሰውዬ ምን ላግዛችሁ ብሎ ወጣ፤ ባለቤቴ ምንም በሚል እጁን አወዛወዘለት። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ ራሴን ግራ ክንዱ ላይ አስቀመጥኩት። እሱም አላነሳኝም። ሸሚዙ የመኪና ሽታ አለው፣ ክንዱ ሞቃት ነው። እዚያው ቆየሁ።